ብርድ ግፊትን እንጂ ጋዝን አይወስድም

በመማሪያ ክፍል ውስጥ በቀላሉ ተተርጉመው፣ በፈተና ወረቀት ላይ በቀላሉ ተጽፈው፣ የቤት ደጃፍ ሲረገጥ ግን ፈጽሞ የሚዘነጉ የሳይንስ ፅንሰ ሐሳቦች ጥቂት አይደሉም። «የትነት ግፊት» የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትርጉሙን ቢጠየቅ ያለ ስሕተት ይወጣዋል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ቀመሩን ጨምሮ ይጽፈዋል። ይኸው ተማሪ በታኅሣሥ ማለዳ የቤቱ ቡታጋዝ ነበልባል ደክሞ ቢያገኘው ግን «ጋዙ አልቋል» ከማለት ወይም ሲሊንደሩን ከመነቅነቅ ያለፈ ሲያደርግ አይታይም። የተማረው ነገር ከፊቱ ሲፈጸም አላወቀውም ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብርድ በቤት ጋዝ ማጠራቀሚያ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ መግለጽና በዚያው አንድ አቋም ማቅረብ ነው። አቋሜ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ብርድ ከማጠራቀሚያው የሚወስደው ግፊትን እንጂ ጋዝን አይደለም። ይህን ልዩነት አለማወቅ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሕይወትም ሊያስከፍል ይችላል። ስለሆነም ልዩነቱን ለቤተሰብና ለጎረቤት ማስረዳት የጋዝ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ፊዚክስና ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ሁሉ ኃላፊነት ነው።

በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የጋዝ ሲሊንደር እንደ መኪና ጎማ የታመቀ አየር መሰል ነገር የተሞላ ይመስለዋል። ጎማ ሲተነፍስ ግፊቱ ቀስ በቀስ እንደሚቀንስ ሁሉ፣ የሲሊንደሩም ግፊት ጋዙ ባገለገለ ቁጥር እየቀነሰ የሚሄድ፣ የነበልባሉም ብርታት የቀረውን ጋዝ መጠን የሚያሳይ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ፈሳሽ ነው። ሲሊንደሩ ሲነሣ ከውስጥ የሚሰማው የመንቦጫረቅ ድምፅ የዚህ ምስክር ነው። ከፈሳሹ በላይ ባለው ቦታ ከዚያው ፈሳሽ የተነነ ጋዝ ይገኛል፤ ወደ ምድጃው የሚሄደውም ይኸው ጋዝ ነው።

ፈሳሹ ፕሮፔን፣ ቡቴን ወይም የሁለቱ ድብልቅ ነው። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ፕሮፔን የሚፈላው ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲሆን፣ ቡቴን ደግሞ ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ ነው። ውኃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ሁሉ ፕሮፔን እኛ ጽኑ ብርድ በምንለው መጠነ ሙቀት ይፈላል ማለት ነው። ክፍት በሆነ ዕቃ ቢቀመጥ ወዲያው መፍላት ይጀምራል። በተዘጋ ሲሊንደር ውስጥ ግን ከፈሳሹ የሚወጡት ሞለኪውሎች መሄጃ ስለሌላቸው ከላይ ይከማቻሉ፤ ሲከማቹም ከፊሎቹ ወደ ፈሳሹ ይመለሳሉ። የሚወጡትና የሚመለሱት ቁጥራቸው እኩል ሲሆን ሚዛን ይፈጠራል። በዚህ ጊዜ ጋዙ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የሚያሳድረው ግፊት ነው የትነት ግፊት የሚባለው።

የትነት ግፊት ዋነኛ ባሕርይ በመጠነ ሙቀት እንጂ በፈሳሹ ብዛት የማይወሰን መሆኑ ነው። ንጹሕ ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ላይ የባሕር ጠለልን የአየር ግፊት 8 እጥፍ ያህል ግፊት አለው። በ0 ዲግሪ ይህ ወደ 4.7 እጥፍ ይወርዳል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 2.4 እጥፍ ገደማ ይሆንና፣ ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ከአየሩ ግፊት ጋር ይስተካከላል። ቡቴን በበኩሉ በ20 ዲግሪ ላይ ከ2 እጥፍ ብዙም አያልፍም፤ በ0 ዲግሪ ላይ ደግሞ ከአየሩ ግፊት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ አኃዞች ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ሙሉ የሆነ የፕሮፔን ሲሊንደርና አንድ አሥረኛው ብቻ የቀረው ሲሊንደር መጠነ ሙቀታቸው እኩል እስከሆነ ድረስ ግፊታቸው እኩል ነው። በሲሊንደሩ አናት ላይ የሚገጠም የግፊት መለኪያ ስለ መጠነ ሙቀት እንጂ ስለ ቀሪው ጋዝ የሚነግረን የለም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የግፊት መዳከም የጋዝ ማለቅ ምልክት ሊሆን ቢችልም የብርድ ምልክትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ዓይን ሳይሆን ሚዛን ነው።

ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ

የብርድን ተጽዕኖ በጉልህ ለማየት ብርዱ ጽኑ ወደሆነበት አገር መሄድ ያስፈልጋል። በሰሜን አሜሪካ የጋዝ ቧንቧ በማይደርስባቸው የገጠር አካባቢዎች ብዙ ቤቶች የሚሞቁት በግቢ ውስጥ በተተከለ የፕሮፔን ታንክ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ከ100 ቤቶች የ5ቱ ያህል ዋነኛ የማሞቂያ ምንጭ ፕሮፔን ነው። የተለመደው ታንክ 1,900 ሊትር ያህል ይዘት ያለው፣ በአግድም የተቀመጠና የፀሐይን ሙቀት እንዲመልስ ፈዘዝ ያለ ቀለም የተቀባ ነው። በእነዚህ ታንኮች ውስጥ ቡቴን የማይሞላበት ምክንያት ከላይ ከተጠቀሱት አኃዞች ግልጽ ነው። ውኃ በሚረጋበት ብርድ ቡቴን የውጭውን አየር ገፍቶ የሚወጣበት ግፊት የለውም።

ፕሮፔንም ቢሆን ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 በሚኒሶታ ግዛት ታወር በምትባለው ከተማ አቅራቢያ መጠነ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል። ፕሮፔን እስከዚህ ድረስ ቢቀዘቅዝ የትነት ግፊቱ ከውጭው አየር ግፊት ያነሰ ይሆናል። ቫልቩ ቢከፈት የሚወጣ ጋዝ አይኖርም። ትልቅ ታንክ በውስጡ ብዙ መቶ ኪሎ ግራም ፈሳሽ ስለሚይዝ በአንድ ሌሊት እንደ አየሩ አይቀዘቅዝም፤ በዚህ ምክንያትም የሚያገለግልበት ጊዜ ብዙ ነው። ብርዱ ቀናትን ከቆየ ግን ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ቤቱ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ጋዙ አለ፤ ጋዙን የሚያወጣው ኃይል ግን የለም።

ብርድ የሚያመጣው ሌላው ለውጥ የፈሳሹ መኮማተር ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ላይ ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ግን 0.55 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። በታንኩ ላይ ያለው ተንሳፋፊ መለኪያ የሚያሳየው ፈሳሹ የያዘውን ቦታ እንጂ መጠነ ቁሱን ስላልሆነ፣ በመጸው 60 በመቶ ያመለክት የነበረ ታንክ ምንም ጋዝ ሳይወጣበት በክረምቱ ብርድ 54 በመቶ ገደማ ሊያሳይ ይችላል። ለዶክትሬት ትምህርት በቆየሁበት አገር አንድ ጎረቤቴ ቤቱን ዘግቶ ለጥቂት ሳምንታት ከሄደበት ሲመለስ ይህንኑ አይቶ ጋዙን ሌባ የቀዳው መስሎት ነበር። ሌባ አልነበረም። ከታንኩ አንድ ግራም አልጎደለም፤ ሞለኪውሎቹ ተቀራርበው ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው መስፋፋት ደግሞ ከባድ አደጋ አለው። ፈሳሹ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ተነሥቶ 40 ዲግሪ ሲደርስ ይዘቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ይጨምራል። ፈሳሽ በቀላሉ የሚታመቅ ነገር ስላልሆነ በብርድ ጢም ብሎ የተሞላ ታንክ ሲሞቅ የፈሳሹ መሄጃ የታንኩ ግድግዳ ብቻ ይሆናል። ታንኮች እስከ 80 በመቶ ብቻ እንዲሞሉ የተደነገገው ለዚህ ነው። ባዶ የተተወው 20 በመቶ የሻጭ ስስት ሳይሆን የሕይወት መድን ነው።

ብርድ ጋዝን አይወስድም ስል ግን ሰው በብርድ ጊዜ ጋዝ አያበዛም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 መገባደጃ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ እርጥብ የሆነው የበቆሎ ምርት በፕሮፔን እንዲደርቅ ተደረገ። ወዲያው በጃንዋሪ 2014 ከባድ ብርድ ሲከተል የፕሮፔን ክምችት ተመናመነ፤ የጅምላ ዋጋውም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ናረ። በርካታ ግዛቶች የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጁ። ታንኮቹን ያራቆታቸው ብርዱ ራሱ ሳይሆን በብርዱ ምክንያት የጨመረው ፍጆታ ነው። ምክንያትን ከውጤት መለየት እንዲህ ባለው ጉዳይም ይጠቅማል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

እስካሁን ያየነው ዝም ብሎ ስለ ተቀመጠ ፈሳሽ ነው። ጋዙ በሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ በ1760ዎቹ በግላስጎው ባደረጋቸው ሙከራዎች ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ መጠነ ሙቀቱ ሳይጨምር ብዙ ሙቀት እንደሚወስድ አሳይቷል። ይህ ስውር ሙቀት ይባላል። አንድ ኪሎ ግራም ፕሮፔን ለመትነን 0.4 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ያው አንድ ኪሎ ግራም ሲቃጠል የሚሰጠው ሙቀት 46 ሜጋ ጁል ያህል ነው። ለትነት የሚያስፈልገው ከሚገኘው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ይሁን እንጂ ይህች አንድ በመቶ የማትሞላ ሙቀት ከነበልባሉ ልትመጣ አትችልም፤ ነበልባሉ ያለው በቤት ውስጥ፣ ታንኩ ያለው በውጭ ነውና። ፈሳሹ ሙቀቱን የሚበደረው በመጀመሪያ ከራሱ፣ ቀጥሎ ከታንኩ ብረት፣ በመጨረሻም በዙሪያው ካለው አየር ነው። ከራሱ ሲወስድ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የትነት ግፊቱ ይወርዳል። ከአየሩ የቀዘቀዘ ሲሆን ደግሞ ሙቀት ከአየሩ ወደ እርሱ ይፈስሳል። እዚህ ላይ ተማሪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሆነ አየር ለእኛ ብርድ ነው፤ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ለደረሰ ፕሮፔን ግን የሙቀት ምንጭ ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሁለት ነገሮች አይደሉም፤ የፍሰቱን አቅጣጫ የሚወስነው የመጠነ ሙቀት ልዩነት ብቻ ነው።

በአኃዝ እንመልከተው። 30 ኪሎ ዋት ሙቀት የሚሰጥ የቤት ማሞቂያ በሰዓት ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ፕሮፔን ያቃጥላል። ይህን ያህል ጋዝ ያለማቋረጥ እንዲተን ታንኩ ከአካባቢው 250 ዋት ያህል ሙቀት መቀበል አለበት። ሙቀቱ በአብዛኛው የሚገባው ፈሳሹ በሚነካው የታንኩ ግድግዳ በኩል ስለሆነ፣ ፈሳሹ ሲቀንስ የሙቀት መግቢያውም ይጠብባል። ብርዱ ሲበረታ ቤቱ የሚፈልገው ጋዝ ይጨምራል፤ ታንኩ ከአየሩ የሚያገኘው ሙቀት ግን ይቀንሳል። ፍላጎትና አቅርቦት በአንድ ቀን ተቃራኒ መንገድ ይይዛሉ። በእነዚያ አገሮች ታንክ ከብርዱ ወራት በፊት መሞላት እንዳለበት፣ ታንኩን የሸፈነ በረዶም መጠረግ እንዳለበት የሚመከረው ከዚህ የተነሣ ነው። በረዶው ለታንኩ ብርድ ልብስ መስሎ ቢታይም፣ የሚከለክለው ከአየሩና ከፀሐይ የሚመጣውን ሙቀት ነው። አንዳንዶች ታንኩን መሬት ውስጥ ይቀብሩታል፤ ጥልቅ አፈር በክረምት ከአየሩ ይሞቃልና።

ቅዝቃዜ ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከጋዙ ከራሱ እንደሚመጣ ያሳየ አሳዛኝ አደጋ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1966 በፈረንሳይ ሊዮን አጠገብ በፌዘን የነዳጅ ማጣሪያ ደርሷል። ሠራተኞች ከአንድ ግዙፍ የፕሮፔን ማጠራቀሚያ ሥር ውኃ ለማፍሰስ ቫልቭ ከፈቱ። ፈሳሹ ፕሮፔን ሲወጣ በሚፈጥረው ብርቱ ቅዝቃዜ ቫልቩ ረጋ፤ ሊዘጉትም አልቻሉም። የፈሰሰው ጋዝ መሬት ለመሬት ተስፋፍቶ በአቅራቢያው መንገድ ላይ ከነበረ መኪና እሳት አገኘ። በተከተለው ቃጠሎና ፍንዳታ 18 ሰዎች ሞቱ። ስውር ሙቀት የምንለው የመጽሐፍ ቃል በዚያ ማለዳ በሕይወትና በሞት መካከል የቆመ ነገር ነበር።

ወደ እኛ ማዕድ ቤት ስንመለስ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ በእኛ አገር አይታወቅም። ቡታጋዝ የሚጠቀሙ ቤቶች ግን አሉን፤ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭም አለን። ደብረ ብርሃንን የመሰሉ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው ከተሞች በበጋ ሌሊቶች ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋሉ።

በዚህ ረገድ ከፍታችን በመጠኑ ይረዳናል። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውኃ እዚህ ከ100 ሳይሆን ከ92 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ እንደሚፈላ ሁሉ፣ ቡቴንም የሚፈላው ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሬጉሌተሩ ለምድጃው የሚያሳልፈው ግፊት ከውጭው አየር የሚበልጠው በባሕር ጠለል ግፊት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ንጹሕ ቡቴን እንኳ በአዲስ አበባ ሌሊት ለምድጃ የሚበቃ ግፊት ይኖረዋል። እንግዲህ በአገራችን የአየሩ ብርድ ብቻውን ቡታጋዝን ሊያስቆም አይችልም ማለት ነው።

ታዲያ ነበልባሉ ለምን ይደክማል? መልሱ ከላይ ያየነው የሙቀት ብድር ነው። ሁለት ምድጃ በአንድ ጊዜ ቢነድ በሰዓት 300 ግራም ያህል ጋዝ ይተንናል እንበል። ለዚህ 110 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ሲሊንደሩ 12 ኪሎ ግራም ፈሳሽ ቢይዝና ብረቱ 13 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ከውጭ ምንም ሙቀት ባይገባ እንኳ በአንድ ሰዓት የሚቀዘቅዘው በ3 ዲግሪ ያህል ነው። የቀረው ፈሳሽ 2 ኪሎ ግራም ብቻ ሲሆን ግን በዚያው ሰዓት በ10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስሌቱን ለመሥራት የፈሳሹን የተወሰነ ሙቀት በኪሎ ግራምና በዲግሪ 2.5 ኪሎ ጁል፣ የብረቱን 0.46 ኪሎ ጁል ማድረግ ይበቃል፤ አንባቢ ራሱ ቢሞክረው ደስ ይለኛል። በተጨማሪም ጋዙ ድብልቅ ከሆነ ቀድሞ የሚተንነው ፕሮፔኑ ስለሆነ በመጨረሻ የሚቀረው ፈሳሽ በአብዛኛው ቡቴን ይሆናል። ማለዳው ብርድ ነው፤ ፈሳሹ ጥቂት ነው፤ የቀረውም ሰነፉ ክፍል ነው። ሦስቱ ሲገናኙ ነበልባሉ ይደክማል። የሲሊንደሩ ሥር በጤዛ የሚርሰውም ከዚህ የተነሣ ነው። ጤዛው ከአየሩ የመጣ እርጥበት እንጂ ያፈተለከ ጋዝ አይደለም፤ መስመሩም ፈሳሹ እስከየት እንደ ደረሰ ያመለክታል።

መፍትሔ መስለው የሚታዩ አደጋዎች

ሰው ነበልባሉ የደከመው ሲሊንደሩ ስለ ቀዘቀዘ መሆኑን በግማሽ ሲያውቅ፣ ሌላውን ግማሽ በራሱ ይሞላዋል፤ ሊያሞቀው ይነሣል። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ካያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ?

ሲሊንደርን በእሳት፣ በከሰል ምድጃ ወይም በፈላ ውኃ ማሞቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የትነት ግፊት ከመጠነ ሙቀት ጋር የሚጨምረው በእኩል እርምጃ ሳይሆን እየፈጠነ ነው። ፕሮፔን በ20 ዲግሪ 8 እጥፍ የነበረው ግፊቱ በ40 ዲግሪ ከ13 እጥፍ በላይ ይሆናል። ከዚህም የከፋው እሳቱ ከፈሳሹ ደረጃ በላይ ያለውን ብረት ሲነካ የሚሆነው ነው። በዚያ ቦታ ሙቀቱን የሚወስድ ፈሳሽ ስለሌለ ብረቱ ይግላል፤ ጥንካሬውንም ያጣል። ሲቀደድ በውስጡ የነበረው ፈሳሽ በቅጽበት ይፈላል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 1984 በሜክሲኮ ሲቲ አጠገብ በሳን ሁዋኒኮ የጋዝ ማከማቻ በዚህ ዓይነት ተከታታይ ፍንዳታ 500 ያህል ሰዎች አልቀዋል። የቤት ሲሊንደር ከዚያ ማከማቻ ጋር በመጠን አይወዳደርም፤ የሚገዛበት ሕግ ግን አንድ ነው።

ሲሊንደርን ማጋደም ወይም መገልበጥ ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ሲጋደም ወደ ቫልቩ የሚደርሰው ጋዝ ሳይሆን ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን ሲተን 270 ሊትር ያህል ጋዝ ስለሚሆን፣ ለጋዝ የተሠራው ሬጉሌተር ፈሳሽ ቢገባበት በምድጃው ላይ ልንቆጣጠረው የማንችለው ነበልባል ሊወጣ ይችላል።

ሦስተኛው ስሕተት ሲሊንደሩ «ብርድ እንዳይመታው» በሚል አየር በማይዘዋወርበት ጠባብ ቦታ መዝጋት ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ቢያፈተልክ እንደ ጭስ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ እንደ ውኃ ወለል ለወለል ሄዶ ዝቅ ባለው ቦታ ይተኛል። ጋዙ በራሱ ሽታ ስለሌለው መርካፕታን የሚባል ክፉ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ይጨመርበታል። ይህ ሽታ ሲሸት መብራት ማብራትም ሆነ ማጥፋት አይገባም፤ ቫልቩን ዘግቶ በርና መስኮት መክፈት ነው።

ትክክለኛው መፍትሔ ቀላል ነው። ሲሊንደሩን ቀጥ አድርጎ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳት አርቆ ማቆም፤ ነበልባሉ ሲደክም አንዱን ምድጃ አጥፍቶ ፈሳሹ ከአየሩ ሙቀት እስኪያገኝ ጥቂት መታገሥ፤ ጋዙ ማለቅ አለማለቁንም በሚዛን ማረጋገጥ ነው። የባዶው ሲሊንደር ክብደት በብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከሚዛኑ ላይ ያንን መቀነስ ብቻ ነው። ሚዛኑ ገና 2 ኪሎ ግራም ጋዝ እንዳለ እየነገረን ሲሊንደሩን «አልቋል» ብሎ መመለስ የተከፈለበትን ጋዝ በነጻ መስጠት ነው። ፍሳሽ ሲጠረጠርም መገጣጠሚያው በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይመረመርም።

የትምህርታችን ድርሻ

«ይህ የሻጮችና የባለሙያዎች ሥራ ነው፤ የፊዚክስ መምህር ምን አግብቶት?» የሚሉ ይኖራሉ። መከራከሪያው በከፊል እውነት አለው። ሲሊንደርን የሚሞላ፣ የሚመረምርና ሬጉሌተር የሚጠግን ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ተማሪ ያንን ልሥራ ቢል ጥፋት ነው። ነገር ግን ባለሙያው ማለዳ ላይ በየማዕድ ቤቱ አይገኝም። ነበልባሉ ሲደክም ምን ይደረግ የሚለውን ውሳኔ የሚወስኑት እናት፣ እኅት ወይም የቤት ሠራተኛ ናቸው። በዚያ ቤት የትነት ግፊትን የተማረ ሰው እያለ ከሰል ወደ ሲሊንደሩ ቢጠጋ፣ የዕውቀት እጥረት ነበር ልንል አንችልም። የጎደለው በክፍል የተነገረውን ከቤቱ ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ነው።

ድልድዩን መሥራት ያለብን በመጀመሪያ እኛ መምህራን ነን። የትነት ግፊትን ስናስተምር የምናቀርበው ምሳሌ ብዙ ጊዜ በብልቃጥ ውስጥ ያለ ውኃ ነው። ውኃ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በተለመደው መጠነ ሙቀት ግን ግፊቱ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ተማሪው በዓይኑ የሚያየው ውጤት የለም። የቡታጋዝ ሲሊንደር በአንጻሩ የትነት ግፊትን፣ ስውር ሙቀትን፣ የፈሳሽ መስፋፋትንና የጋዝ እፍግታን በአንድ ዕቃ ውስጥ አጠቃልሎ ይዟል። ቤተ ሙከራ ማስገባት አያስፈልግም፤ ማስገባትም አይገባም። በሰሌዳ ላይ ሥዕሉን ሥሎ፣ አኃዞቹን ሰጥቶ፣ «ነበልባሉ ለምን ደከመ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ተማሪዎችም ድርሻ አላችሁ። የቤታችሁን ሲሊንደር በየሳምንቱ መዝኑ፤ ክብደቱን ከነቀኑ መዝግቡ። ከአንድ ወር በኋላ ቤተሰቡ በቀን ስንት ግራም ጋዝ እንደሚጠቀምና ጋዙ መቼ እንደሚያልቅ አስቀድማችሁ መናገር ትችላላችሁ። ነበልባሉ በሚደክምበት ማለዳም ሚዛኑ የሚለውን ለቤተሰቡ አሳዩ። ሲሊንደሩን ለማሞቅ የሚነሣ ሰው ስታዩም በትሕትና አስቁሙና ምክንያቱን አስረዱ። አባትና እናት የልጃቸውን ቃል የሚያምኑት ቃሉ በመጽሐፍ ስለ ተጻፈ ሳይሆን፣ ሚዛኑ ላይ ስላዩት ይሆናል።

የብርዱ ወራት በየዓመቱ ይመለሳሉ፤ በየዓመቱም በአንዳንድ ቤት ነበልባሉ ይደክማል። በዚያን ጊዜ በቤቱ ያለው ተማሪ ከሲሊንደሩ የጎደለው ጋዝ ሳይሆን ሙቀት መሆኑን፣ ያንን ሙቀትም ከአየሩ በቀር ማንም ሊሰጠው እንደማይገባ ቢያውቅና ቢናገር፣ የተማረው ትምህርት በቤቱ ሠርቷል ማለት ነው።